ባለቤቱ ሳያዝ የተቀረጸ ቁልፍ

ሰው ከሞተ በኋላ ደግ ያልተባለ የለም። ስለ ጋሽ ሞረድ የምጽፈውን እሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ መጻፍ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው፤ ያበዛሁት ወይም የደበቅሁት ነገር ቢኖር በአፋቸው ያርሙኛል። ደግሞም አንድ ቀን በአደባባይ ሌባ ብያቸዋለሁና፣ ስለ እሳቸው ለመመስከር ከእኔ የተጠነቀቀ ሰው አይገኝም።

ሥራቸው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ሞረድ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው፤ መሣሪያው ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ። ሲናገሩም እንደዚያው ናቸው፤ የነኩትን ነገር ሁሉ ትንሽ ይቀንሱለታል እንጂ አይጨምሩበትም። ሱቃችን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በደረጃው ሥር የተሸጎጠች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሊቆምባት ይችላል፤ ሦስተኛው ውጭ የሚቆም ደንበኛ መሆን አለበት። በግድግዳዋ ላይ ገና ጥርስ ያላወጡ ቁልፎች በየምስማሩ ተሰቅለዋል። በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁልፉን ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ታስሯል፤ ከሞርሳው አጠገብ የዘይት ቆርቆሮና የሽቦ ብሩሽ አለ። እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በስተግራ ቆሜአለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በትጋት ያነበብኩት ነገር ቢኖር የቁልፍ ጥርስ ነው።

ጋሽ ሞረድ ማንኛውንም ቁልፍ ከመቅረጻቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። የማን ቤት ነው? ማን አዘዘህ? ባለቤቱ ያውቃል? ጠያቂው ሚኒስትር ይሁን ተሸካሚ፣ ሚስታቸው ትሁን እንግዳ፣ ጥያቄው አንድ ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሳያዝ ቁልፍ አይቀረጽም።

አንድ ቀን ልብሱ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተለሰነ ሰው መጣና ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ሳሙና አወጣ። በሳሙናው ላይ የቁልፍ ቅርጽ ታትሟል።

«ቁልፉን ቤት ረስቼው ነው ጋሼ፤ ቅርጹን ግን በዚህ ይዤዋለሁ።»

«የማን ቤት ነው?»

«የወንድሜ።»

«ማን አዘዘህ?»

«እሱው ወንድሜ።»

«ወንድምህ ካዘዘህ ቁልፉን አይሰጥህም ነበር? ሳሙና ከምታባክኑ።»

ሰውየው ሳቅ እንደማለት አለ። ጋሽ ሞረድ ግን ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ውኃ አፍስስልኝ» አሉ። አፈሰስኩላቸው። ሳሙናውን ተቀብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ በእርጋታ፣ ጣት በጣት፣ የታተመው ጥርስ አንድ በአንድ ሟሙቶ እስኪጠፋ። ከዚያ የቀረውን በመሐረቡ ጠቅልለው መለሱለት።

«አረፋው ጥሩ ነው» አሉት። «ከየት ገዛኸው?»

ሰውየው ሁለተኛ በዚያ ደረጃ ሲወርድ አላየሁትም።

ሕጉን የጣሰውን ደግሞ አይምሩም። ከእኔ በፊት በስተግራ የሚቆመው ጥድፊያ የምንለው ጎልማሳ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ። አንድ ባል ነኝ ባይ መጥቶ ለቤቱ ቁልፍ አስቀረጸ፤ ጥድፊያ ሦስተኛውን ጥያቄ ዘለለ። በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ክንዷ በፋሻ ታስሮ መጣችና አዲሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባል ነኝ ያለው ከቤቷ ያባረረችው ሰው ነበር። ቁልፉን እዚያው ትታ ሄደች። ጋሽ ሞረድ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። የእያንዳንዱን ሰው የሞረድ እጅ ያውቃሉ።

«ሌላው ኃጢአት ንስሐ አለው» አሉት። «ከእጅህ ወጥቶ የሰው በር የከፈተ ቁልፍ ግን ተመልሶ አይገባልህም። ሞረዱን አስቀምጥ።»

ጥድፊያ ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ቦታውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ሕጉ የማን እንደ ነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

እኔ በባሕርዬ ሰው አላምንም። ይህንም እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ሰው ሁሉ ቢተማመን ኖሮ እኔና ጋሽ ሞረድ በምን እንኖር ነበር? እናቴ ግን የደረሰብኝን ፈተና ሁሉ በልጣ ተገኘች። ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠርታለች። የምንኖርባትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያሠራችው በገዛ ላቧ ነው፤ ካርታውም በስሟ ነው። ሰባዋን ካለፈች በኋላ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ማንኪያው ጠፋባት፤ ቀጥሎ ቀኑ፤ ቀጥሎ እኔ።

መርሳቷ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን በአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ አገኘኋት። ሁለተኛውን ጊዜ ግን በዋናው መንገድ መካከል፣ በባዶ እግሯ፣ እጇን ዘርግታ ከባድ መኪኖችን አስቁማ ነበር። ሾፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ እሷ «አንሶላው እስኪደርቅ ጠብቁ!» እያለች ትጮኻለች። በዚያው ሳምንት ከሱቃችን፣ ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ካልሆነ የማይከፈት መቆለፊያ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ነገ መጥተው ይግጠሙልኝ» አልኳቸው።

«የማን ቤት ነው?»

«ያውቁት የለም እንዴ? የእናቴ።»

«ማን አዘዘህ?»

«እኔ።»

«ባለቤቲቱ ያውቃሉ?»

«ብነግራትስ መቼ ትይዘዋለች?»

ጋሽ ሞረድ ብሎን መፍቻውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብሎኑ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። አንተው ግጠመው» አሉ።

ተቀየምኩ። ራሴ ገጠምኩት። ከመቆለፊያው ጋር ሁለት የብረት ቁልፍ ነበረው፤ አንደኛውን እዚያው ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ጋሽ ሞረድ እያዩኝ፣ ጥርሱን እስከ ግንዱ ሞረድኩት። ሁለተኛ ቁልፍ ማለት የሁለተኛ ሰው ቁልፍ ማለት ነው። የቀረውን በክር አድርጌ በአንገቴ አንጠለጠልኩት። ጠዋት ምሳዋን ከድኜ አስቀምጬ ቆልፌ እወጣለሁ፤ ሲመሽ እከፍታለሁ።

ይህን ጊዜ ነው ኃጢአት የሚባለው ነገር ባለቤት የበዛለት። ታላቅ እህቴ ከልጆቿ ጋር ከከተማው ሌላ ጫፍ በየእሑዱ ትመጣለች። መቆለፊያውን ስታይ ነጠላዋን ወርውራ ጮኸች።

«እናትህን! እንደ ዶሮ!»

«ዶሮም ለአውሬ እንዳትሆን ነው የሚዘጋባት።»

«ኃጢአት ነው! ፈጣሪ ያያል!»

«አንቺ ዘንድ ውሰጂያትና እሱ ሲያይ ደስ ይበለው።»

«እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ኃጢአት ፎቅ ላይ ሲደርስ ለካ ይቀላል።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ጉዳዩን በዝርዝር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝና፣ «በፍቅር ከዘጋህባት ጽድቅ ነው፤ በቁጣ ከዘጋህባት ኃጢአት ነው» አሉኝ። እኔም ጠዋት በፍቅር እንደምዘጋ፣ ሲመሽ ግን ደክሞኝ በቁጣ እንደምከፍት ገልጬ፣ ይህ እንዴት እንደሚታሰብ ጠየቅኋቸው። «ልብህን ጠይቅ» አሉ። ልቤን አምኜው ቢሆን እሳቸው ዘንድ መሄድ ባላስፈለገኝም ነበር።

በሦስተኛው ወር ቤቴ ውስጥ ሰው እንደሚገባ ጠረጠርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ብርጭቆዎቹን ነው። ጠዋት አንድ ትቼ ስወጣ፣ ማታ ሁለት ታጥበው ተደፍተዋል። ቀጥሎ የእናቴ ጫማ፤ በሶሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቋል፤ አናጢው ያለው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ደስ ብሏት መገኘቷ ነበር። ያለ ምክንያት ደስ የሚለው ሰው ሁልጊዜ ያሠጋኛል።

«እማዬ፣ ዛሬ ማን መጣ?»

«ሰውዬው።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ፀሐይ የሚያመጣው። ዛሬ ደግሞ ዘገየ፤ ጥላ ሲሆን ነው የመጣው።»

ሌባ ቢሆን ምን ሰረቀ? ሁሉን ነገር ቆጠርኩ፤ ማንኪያ እንኳ አልጎደለም። የማይሰርቅ ሌባ ደግሞ ከሚሰርቀው የባሰ ነው፤ የፈለገው ምን እንደሆነ አይታወቅምና። ፊት ለፊታችን የምትኖረውን እንቁላል ሻጭ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ቀን በእኛ በር ማን ይገባል?»

«እኔ የምጠብቀው እንቁላሌን ነው፤ በርህን አይደለም።»

«መስኮትዎ ወደ በራችን ነውና የሚያየው።»

«ታዲያ መስኮቴንም ልትቆልፍልኝ ነው? መቆለፍ እንደሆነ ትወዳለህ!»

ይህን ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ያወቀ ሰው ሳቅ ነበር። በማግስቱ ስወጣ ከበሩ እግር ላይ ጥቁር ክር ዘርግቼ አሰርኩ። ሲመሽ ስመለስ ክሩ ሳይበጠስ በቦታው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይላል። እኔ ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን አየሁት፤ ጠዋት ያሰርኩት ወደ ግራ ነበር፤ ይህኛው ወደ ቀኝ ነው። ፈትቶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ መልሶ አስሯል።

ያን ጊዜ ማሰብ የነበረብኝን አሰብኩ፤ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት መቆለፊያው ነበር። ነጭ ጨርቅ በሽቦ ጫፍ ጠቅልዬ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስገባሁና አወጣሁት። ጨርቁ ላይ ቢጫ ብናኝ አለ። የእኔ ቁልፍ ብረት ነው። ቢጫው አዲስ ነሐስ ነው። በእኛ ሙያ አዲስ የነሐስ ቁልፍ በሽቦ ብሩሽ ካልተመታ ለጥቂት ቀን ብናኝ ይጥላል፤ ብናኙም ከመቆለፊያው ዘይት ጋር ተጣብቆ ለወራት ይቆያል። ጋሽ ሞረድ ብሩሽ ሳይመቱ ቁልፍ አስረክበው አያውቁም። ብሩሽ የሚዘል፣ ጥያቄም የሚዘል፣ በእኔም ላይ ቂም የያዘ አንድ ሰው ነበር።

ጥድፊያ በሌላው ገበያ የራሱን ሱቅ ከፍቷል። በዕረፍት ቀኔ ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«የቤቴን ቁልፍ ለማን ቀረጽክ?»

«ኧረ እንኳን ደህና መጣህ!» አለ ጥድፊያ፣ ሞረዱን ሳያቆም። «ተቀመጥ አልልህም፤ ወንበሩን ትጠረጥረዋለህ።»

«ቀልዱን ተወው። ቦታህን ስለወሰድኩ ቂም ይዘህ ነው።»

«እናትህ ቤት ገብቼ ምን ልሰርቅ? ምርኩዛቸውን?» ቀና ብሎ ደረቴን አየ። «ቁልፉን እስቲ አሳየኝ።»

ቁልፉን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ግድ የለም አታሳየኝ» አለ። «አይቼዋለሁ። አምስት ጥርስ፤ ሦስተኛው ጥልቅ፤ አምስተኛው አጭር። አሁን ትንሽ ብትጠብቀኝ ቀርጬ እሰጥሃለሁ።»

ደነገጥኩ። ልክ ነበር።

«ሞኝ» አለኝ፤ ያለ ክፋት። «ማንም እንዳይነካብህ ብለህ ዓለም ሁሉ እንዲያየው ደረትህ ላይ ትሰቅለዋለህ። ቁልፍ በዓይን ማንበብ እኔን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል? ያ ሰው ደግሞ ስንት ዓመት ነው ከጎንህ የቆመው?»

ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ጋሽ ሞረድ በየቀኑ በምሳ ሰዓት «እግሬን ላፍታታ» ብለው ለአንድ ሰዓት ይወጣሉ፤ እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ። ይህ ከተጀመረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ቆጠርኩ። መቆለፊያው ከተገጠመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የተጀመረው።

በማግስቱ እሳቸው እንደወጡ ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳቸው። አልቸኮሉም፤ ወደ ኋላም አልዞሩም። በራችን ላይ ደርሰው ጎንበስ ብለው ክሩን ፈቱ፤ ከኪሳቸው ቢጫ ቁልፍ አውጥተው አንኳኩ። ልብ በሉ፤ ቁልፍ እያላቸው አንኳኩ። በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ተነጋገሩ። ከዚያ ከፈቱ። እናቴ ጫማዋን አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ክንዳቸውን ይዛ፣ የአናጢውን ሱቅ አልፈው፣ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ሄደው በግንቡ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ሲጫወቱ እያየች ትሥቃለች። ሲመለሱ ቁልፉን እጇ ላይ አደረጉላት፤ ሁለቴ ሳተች፣ በሦስተኛው ራሷ ከፈተች።

«ጋሼ!» አልኩ ከኋላቸው።

«ደረስክ?» አሉ። «ያለፈው ሳምንት ትመጣለህ ብዬ ነበር። ብሩሽ ሳልመታው ያስገባሁት ነሐሱን እንድታየው ብዬ ነው።»

ይህን ዛሬም አላምናቸውም፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ረስተውት ይመስለኛል።

«ሌባ ነዎት!» ብዬ ጮኽኩ። እንቁላል ሻጯ መስኮቷን ከፈተች። «ባለቤቱ ሳያዝ ቁልፍ አይቀረጽም ያሉኝ እርስዎ ነዎት! ጥድፊያን በዚህ አይደለም ወይ ያባረሩት?»

«ባለቤቲቱ አዝዘውኛል።»

«እሷ ምን ታዛለች? ምሳዋን መብላቷን እንኳ አታስታውስም!»

«ምሳውን ይረሱት ይሆናል፤ በሩን ግን አልረሱትም። በዚህ ሳልፍ በመስኮቱ ጠሩኝ። ‹አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍ ሠሪ ታውቃለህ? የገዛ በሬ አልከፈትልኝ አለ› አሉኝ። እኔው ነኝ አልኳቸው። ሦስቱን ጠየቅኋቸው። የማን ቤት ነው? ‹የእኔ ነዋ፣ የማን ሊሆን ነው!› ማን አዘዘኝ? ‹እኔ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?› ባለቤቲቱ ያውቃሉ? ‹እያወራሁህ!›»

«ከመኪና ሥር ብትገባስ? ያን ጊዜ ኃጢአቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ። ሞርደው ሞርደው ያወጡት ቃል ይመስል ነበር።

እናቴ በሁለታችን መካከል ቆማ ነበር። እኔን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተችና ወደ ጋሽ ሞረድ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ይሄ ማታ ማታ የሚመጣው ሰውዬ ነው» አለች። «በሩን የሚዘጋው። ተጠንቀቀው።»

ጥርጣሬን ከማን እንደወረስኩት ያን ቀን ገባኝ። ደግሞም ሌላ ነገር ገባኝ፤ እሱን እዚህ ላይ አልጽፈውም።

«መቆለፊያውን ቀይር፤ አልከለክልህም» አሉ ጋሽ ሞረድ። «ግን አስቀድመህ ጠይቃቸው። እስካሁን አልጠየቅካቸውም።»

ጠየቅኋት። በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

«በር ይዘጋል እንጂ!» አለች እናቴ። «ሌባ በሞላበት አገር በር ክፍት ይታደራል? ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ይሁን። የሰው ቤት ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እንቁላል ሻጯ ከመስኮቷ «እልል!» አለች። ቢጫው ቁልፍ በሰማያዊ ጥብጣብ ታስሮ በእናቴ አንገት ላይ ዋለ። የእኔን ብረት ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ ለክፉ ቀን ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ቁልፍ እያለኝ ማንኳኳት ጀመርኩ። ጋሽ ሞረድ አላዘዙኝም፤ እሳቸው ካንኳኩ እኔ የማላንኳኳበት ምክንያት ስላጣሁ ነው።

«ማነው?» ትላለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማነው?»

«ልጅሽ ነኝ።»

ከዚያ ቁልፉ ይሽከረከራል። «ልጄ ከሆንክ ግባ» ትላለች።

ቆልፌባት በነበርኩባቸው ወራት አንድም ቀን ልጄ አላለችኝም። አሁን ግን በየቀኑ በበሩ ላይ ቆሜ ልጇ መሆኔን መናገር ግዴታ ሆነብኝ፤ እሷም በየቀኑ ማመን ወይም አለማመን ነበረባት። ሁለት ጊዜ አላመነችኝም፤ ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆሜአለሁ። እንዲህ አራት ወር ኖርን።

በአምስተኛው ወር፣ ዝናቡ ባባራበት ረፋድ ላይ፣ እናቴ ጋሽ ሞረድን ሳትጠብቅ ከፍታ ወጣች። ከአልጋዋ ላይ የገፈፈችውን አንሶላ ታቅፋ ነበር። «ዝናቡ አባራ፤ ላስጣው» ብላታለች እንቁላል ሻጯን። በሯ ፊት ካሉት ሦስት ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ አዳለጣት። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ።

የተኛችው ሠላሳ ዓመት በሠራችበት ሆስፒታል ነው። የአንሶላውን ጠርዝ በጣቶቿ እያሸች «ይህን ማን ነው ያጠበው? ሳሙናው አልወጣለትም» ትል ነበር። ነርሶቹ ሳቁ፤ አንዷ ግን ሄዳ ሌላ አምጥታ ቀየረችላት። ሦስት ሳምንት ቆየች። ጥብጣቡን ከአንገቷ ላውልቅ ስል እጄን መታችኝ።

እህቴ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ኃጢአት ነው! ለታመመ ሰው ቁልፍ ይሰጣል?»

«መዝጋቴ ኃጢአት ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ያ ሌላ ነበር!»

በምን ሌላ እንደነበር አልነገረችኝም። ንስሐ አባታችንም መጥተው ጸለዩ፤ ከዚያ ገለል አድርገው የፈቀድኩላት በፍቅር ይሁን በስንፍና ጠየቁኝ። እኚህ አባት ሚዛናቸውን ሁልጊዜ እኔ ልብ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ እዚያ ደግሞ ሚዛን እንደማይቆም ነግሬአቸው ነበር። ጋሽ ሞረድ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየመጡ በአልጋዋ እግር በኩል ይቆማሉ። አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አላናገሩኝም።

እናቴን ከቀበርን በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ጋሽ ሞረድ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ግን ውስጥ አልነበሩም። ውጭ፣ ደንበኛ በሚቆምበት ቦታ ቆመዋል። ሞረዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ እጀታው ወደ እኔ ዞሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ጥድፊያን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ፈርጄበታለሁ» አሉ። «ከእጄ የወጣው ቁልፍ በር ከፍቶ ሰው ሞቶበታል። አንተ ፍረድ። አስቀምጡ ካልከኝ፣ ይኸው አስቀምጫለሁ።»

ያን ጊዜ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ሞረድ በቀር የሚያውቁት ሥራ የለም፤ ከዚያች የቆርቆሮ ክፍል በቀር የሚውሉበት የለም። እኔም ይህን አውቃለሁ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፍርድ ግን አንድም ጊዜ እጄ ላይ ወድቆ አያውቅም ነበር። «ይሂዱ» የሚለው ቃል እስከ ከንፈሬ ድረስ መጣ። እውነቱን ለመናገር ጣፋጭ ነበር። እህቴ አንድ ነገር ብላለች፤ ንስሐ አባታችን ሌላ ነገር ብለዋል፤ ሁለቱም መልሳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ቀይረዋል። ያልተቀየረ ነገር ፈለግሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

«የማን ቤት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ገባቸው። እጃቸውን አጣምረው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቆሙ።

«የእናትህ።»

«ማን አዘዘዎት?»

«እናትህ።»

«ባለቤቲቱ ታውቅ ነበር?»

እዚህ ላይ ዘገዩ። እኔም ይህችን ነበር የምጠብቀው። እሷ ሁሉን ነገር ትረሳ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንድ ቀን በመስኮት ያለችውን በማግስቱ አታስታውሰውም። አዎ ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ሐሰት መሆኑን እይዝባቸው ነበር።

«ሲያዙኝ ያውቁ ነበር» አሉ። «በማግስቱ ረሱት። ስለዚህ በማግስቱ እንደገና ጠየቅኋቸው። በየቀኑ፣ በሩን ከመክፈቴ በፊት፣ በመስኮቱ ሦስቱንም ጠይቄአቸዋለሁ። በየቀኑ እንደ አዲስ አዝዘውኛል። አንድ ቀን ‹ዛሬ አልወጣም፤ ደክሞኛል› አሉ። ያን ቀን አልከፈትኩም፤ ተመልሼ ሄድኩ።»

ያን ቀን አስታወስኩት። ገና ምሳ ሰዓት ሳያልቅ ተመልሰው መጥተው «ምን ሆኑ?» ብያቸው ነበር። «እግሬ አልፍታታ አለ» ነበር መልሳቸው።

በደረጃው ላይ አንዲት ሴት የተሰበረ ቁልፍ በሁለት ቁራጭ ይዛ ስትወርድ አየሁ። ሞረዱን አንሥቼ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው አዙሬ አቀበልኳቸው።

«ይግቡ ጋሼ» አልኳቸው። «ደንበኛ እየመጣ ነው።»

ገቡ። በስተቀኝ ቆሙ። ሴትዮዋ ደርሳ ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ ስታደርግ፣ «የማን ቤት ነው?» ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ።

ነሐሱ ከእናቴ ጋር ተቀብሯል። የእኔ ብረት አሁንም አለኝ፤ የምኖረውም እዚያው ቤት ነው። ጋሽ ሞረድ ዛሬም ከጎኔ ይቆማሉ፤ እኔም ፈርጄ ነፃ አውጥቻቸዋለሁ። ቁልፉን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንጠለጥለው ከሸሚዜ ሥር ነው።